ስድስት ቀበሌ፣ 375 አባወራ፦ የዳታ ዓይነትና የናሙና አመራረጥ ላይ ከመስክ በፊት እርዱኝ

ሐይቅ ዳር · ሰኞ ማታ 2:40

ጤና ይስጥልኝ የቤቱ ሰዎች። ለማስተርስ መመረቂያዬ ደቡብ ወሎ ውስጥ በአንድ ወረዳ ገበሬው የተሻሻለ ዘር ለምን እንደሚገዛ፣ ጀምሮም ለምን እንደሚተው ላጠና ነው። ወረዳው ሦስቱንም የአየር ጠባይ ይዟል፤ ቆላው ማሽላ፣ ወይና ደጋው ጤፍ፣ ደጋው ገብስና ስንዴ ያመርታል። ስድስት ቀበሌ ልወስድ አስቤያለሁ፦ ከደጋ አንድ፣ ከወይና ደጋ ሦስት፣ ከቆላ ሁለት። በስድስቱ ያሉት አባወራና እማወራ ሲደመሩ ወደ 6,000 ይሆናሉ (1,200፣ 3,000 እና 1,800፤ ለስሌት እንዲመች አጠጋግቼዋለሁ)። የናሙና ብዛት በሚሰላበት በያማኔ ቀመር ሳሰላው 375 ወጣልኝ።

ምዕራፍ ሦስትን ስጽፍ ሁለት ነገር ያዘኝ። አንደኛው፣ መጠይቄ ላይ የትኛው ጥያቄ ኖሚናል፣ የትኛው ኦርዲናል፣ የትኛው ኢንተርቫል ወይም ሬሾ እንደሆነ መለየት አለብኝ። የቀበሌ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የመሬት ስፋት፣ የበሬ ብዛት፣ ምርት በኩንታል፣ «በዘሩ ምን ያህል ረክተዋል?» የሚል ባለ አምስት ደረጃ ጥያቄ አሉበት። ሁለተኛው፣ አመራረጤ ስትራቲፋይድ ነው ወይስ ክላስተር? የክፍል ጓደኞቼ ግማሾቹ ይሄ ነው፣ ግማሾቹ ያ ነው ይሉኛል። ሳልወርድ ብታግዙኝ ውለታችሁ አለብኝ።

ቦርከና · ሰኞ ማታ 3:05

አብሽሪ! «ስትራቲፋይድ ራንደም ሳምፕሊንግ» ብለሽ ጻፊ፣ ከዚያ ሰኞ ባቲ ገበያ ውረጂና ያገኘሽውን አስሞይ። ስንቱ የተመረቀው እንዲያ ነው ሃሃሃ።

ቁጥር ወዳጅ · ሰኞ ማታ 3:30

አንተ ቦርከና፣ ልጅቷን ገደል አትክተታት። ግን ቀልድህ ውስጥ ቁም ነገር ስላለ ኋላ እመለስበታለሁ።

በዳታው ዓይነት ልጀምርልሽ። ክፍፍሉን ያወጣው ስቲቨንስ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1946። አራቱን ስም ከመሸምደድ ይልቅ መልሶቹን እንዲህ ፈትኛቸው፦ አንዱን ከሌላው ማስቀደም ይቻላል? ከተቻለ በመካከላቸው ያለው ርቀት እኩል ነው? እኩል ከሆነስ ዜሮው የምር «ምንም የለም» ማለት ነው?

የቀበሌ ቁጥር የመጀመሪያውን ፈተና እንኳ አያልፍም። ቀበሌ 06 የ03 እጥፍ አይደለም፣ አይበልጠውምም። በአኃዝ ስለተጻፈ ብቻ ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ) አማካይ ያወጣልሻል፤ ማሽኑ «ይሄ ምን ይረባሻል?» ብሎ አይጠይቅም። ኖሚናል ነው። ጾታ፣ ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ስልክ ቁጥርም ከሱ ጋር ናቸው። እዚህ ላይ መቁጠር፣ መቶኛ ማውጣትና የበዛውን መለየት ነው ያለሽ ነገር።

የትምህርት ደረጃ ተርታ አለው፣ ርቀቱ ግን እኩል አይደለም። ካልተማረው እስከ አንደኛ ደረጃ ያለው መንገድ ከአንደኛ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ካለው ጋር አይለካካም። ስለዚህ ኦርዲናል ነው። ገበሬው መሬቱን «ለም፣ መካከለኛ፣ ጠፍ» ብሎ ሲመድብልሽም እንደዚያው። ልብ በዪ ግን፣ «ስንት ዓመት ተማሩ?» ብለሽ ከጠየቅሽ መልሱ ሬሾ ይሆናል። ዓይነቱን የሚወስነው አጠያየቅሽ ነው።

ኢንተርቫል ብዙ ሰው የሚያምታታው ነው፤ ለእኛ አገር ሰው ግን ከሁሉ ሊቀል ይገባ ነበር። አንቺ ጠዋት 2 ሰዓት ስትዪ ስልክሽ 8 ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ዜሮው የት ይሁን የሚለው ስምምነት ስለሆነ። ዓመተ ምሕረቱም ያው ነው። በ1966 እና በ1977 ድርቅ መካከል ያለው 11 ዓመት በእኛም ተቆጠረ በፈረንጆቹ አይለወጥም፤ አንዱን ዓመተ ምሕረት ለሌላው ማካፈል ግን ትርጉም የለውም። ሙቀትም እንዲሁ። ኮምቦልቻ 28 ዲግሪ፣ ደሴ 14 ዲግሪ ሆነው ቢውሉ «ኮምቦልቻ በእጥፍ ሞቀች» አይባልም፣ «በ14 ዲግሪ በለጠች» እንጂ።

መሬት፣ በሬና ኩንታል ሬሾ ናቸው። ዜሮ በሬ ማለት በሬ የለም ማለት ነው፤ አራት በሬም የሁለት እጥፍ ነው። በሬው እየተቆጠረ የሚሄድ ስለሆነ ዲስክሪት ይባላል፤ መሬቱና ምርቱ ግን የፈለግሽውን ያህል ሊሸነሸኑ ስለሚችሉ ኮንቲኒዩስ ናቸው።

የመስክ ሰው · ማክሰኞ ጠዋት 1:20

ቁጥር ወዳጅ በደንብ አስረድታሻለች። እኔ ቆጠራና ዳሰሳ ላይ ብዙ ዘመን የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ከመስኩ በኩል ልጨምር።

ዕድሜ ተዘሏል። በወረቀት ላይ ሬሾ ነው። መስክ ላይ ግን «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ስትዪ 30፣ 35፣ 40፣ 50 ይዘንብብሻል፤ 37 የሚልሽ ሰው ብርቅ ነው። ቁጥሩ ዜሮና አምስት ላይ ይከመራል። ለዚህ የሚያዘው የአካባቢ ክስተቶች መቁጠሪያ ነው፦ «በ77 ድርቅ ልጅ ነበሩ? ከብት ይጠብቁ ነበር ወይስ ገና ይታዘሉ ነበር? ደርግ ሲወርድ አግብተው ነበር?» እያልሽ ታጠጋጊዋለሽ። መጀመሪያ «እኔ ምኑን አውቄው ልጄ» ብለው የሚስቁት አባት፣ በክስተት ስትመጪባቸው ቁጭ ብለው ይቆጥሩልሻል።

ደግሞ ዕድሜን «18–30፣ 31–45» እያልሽ በሳጥን አትሰብስቢ። ቁጥሩን ከያዝሽ ቤትሽ ገብተሽ እንደፈለግሽ ትመድቢዋለሽ፤ በሳጥን የሰበሰብሽውን ግን መልሰሽ ቁጥር ልታደርጊው አትችዪም።

መሬቱ በጥማድ ነው የሚነገርሽ። ብዙ ጊዜ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ተብሎ ይሰላል፤ ነገር ግን ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ስለሆነ ተዳፋቱና ሜዳው እኩል አይመጣም። የይዞታ ደብተራቸውን እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። ምርቱንም የደጋውንና የቆላውን አደባልቀሽ አማካይ አታውጪ፤ የገብስ ኩንታልና የማሽላ ኩንታል ተደምሮ የሚወጣው ቁጥር የማንም ገበሬ አይደለም። በየሰብሉ፣ በሄክታር ስንት እያልሽ ያዢው።

አሁን ወደ ዋናው። ስድስቱን ቀበሌ እንዴት መረጥሻቸው?

ሐይቅ ዳር · ማክሰኞ ጠዋት 3:00

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ቀበሌዎቹ ገና አልተቆረጡም። በጀቱ አነስተኛ ስለሆነ «መኪና የሚገባባቸውን ምረጪ» ተብያለሁ። ከዋናው መንገድ ብዙም ከማይርቁት ወስጄ፣ ከየቀበሌው መዝገብ ላይ ሰዎቹን በዕጣ ላወጣ ነው።

የመስክ ሰው · ማክሰኞ ጠዋት 3:25

እንግዲያው እዚህ ላይ ቆም በዪ። የምታጠኚው ዘር መግዛትን ነው። ዘር ደግሞ በመኪና ነው የሚመጣው። የማኅበሩ መጋዘንም፣ ነጋዴውም፣ የልማት ሠራተኛውም መንገድ ዳር ላለው ይቀርባሉ። መንገድ ዳር ያሉትን ቀበሌዎች ብቻ ከወሰድሽ «ስንቱ ይገዛል? ለምን?» ለሚለው ጥያቄሽ መልሱን ገና ሳትወርጂ አዘንብለሽዋል። ዘሩን በአህያ ጭኖ ግማሽ ቀን የሚወጣው ገበሬ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ እሱ ዝርዝርሽ ውስጥ የለም።

ከዚያ በኋላ ከቀበሌዎቹ 375 ሰው በንጹሕ ዕጣ ብታወጪ፣ 3,000ም ብታወጪ ይህን አያጥበውም። ዕጣ የሚሠራው በወጣበት ደረጃ ላይ ብቻ ነው። ሰዎቹ በዕጣ፣ ቀበሌዎቹ በምቾት ከተመረጡ፣ ጥናትሽ ስለነዚያ ቀበሌዎች እንጂ ስለ ወረዳው መናገር አይችልም።

ቦርከና · ማክሰኞ ጠዋት 4:10

ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቁጥሩ በጣም ከበዛ አይስተካከልም እንዴ? 375 ትንሽ ስለሆነ ነው እንጂ አሥር ሺህ ሰው ቢጠየቅ ከእውነቱ የሚርቅ አይመስለኝም።

ቁጥር ወዳጅ · ማክሰኞ ጠዋት 4:45

ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የሚባል የአሜሪካ መጽሔት 10 ሚሊዮን ለሚያህል ሰው የፕሬዚዳንት ምርጫ መጠይቅ ላከ፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ፣ ከዚያም «ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋል» ብሎ አወጀ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። የስም ዝርዝሩ በአብዛኛው የተለቀመው ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ማን እንደነበር ገምተው። በዚያ ላይ መልሶ የላከው ከአራት ሰው አንድ አይሞላም። ጋለፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት አጥኚ በጣም ባነሰ ናሙና አሸናፊውን አወቀ። ቁጥር ሲበዛ የሚቀንሰው የዕድል መዋዠቅ ነው፤ የተዛባ ዝርዝር ግን ሲበዛ ስህተቱን ይበልጥ እርግጠኛ ያስመስለዋል።

ባቲ ገበያም ያው ነው፣ ወዳጄ። ገበያ የሚወጣው የሚሸጠው ወይም የሚገዛበት ያለው ነው። አፋሩ ግመሉን ይዞ ይመጣል፣ የቃሉ ወረዳ ገበሬ እህሉን ይዞ ይመጣል፤ ጎተራው ባዶ የሆነበት፣ ቤት ውስጥ የታመመ ያለባት እማወራ አትመጣም። በማለዳ የሚገኘውና ከቀትር በኋላ የሚገኘው ሰውም አንድ አይደለም። ይሄ ኮንቪኒየንስ ሳምፕሊንግ ነው፤ መጠይቅን ለመሞከር ይረዳል፣ መቶኛ ለማወጅ ግን አይሆንም።

ጦሳ ግርጌ · ማክሰኞ ቀን 7:10

ስትራቲፋይድ ወይስ ክላስተር ለሚለው፦ ጓደኞችሽ ሁሉም ግማሽ እውነት ይዘዋል። በስትራታ ከሁሉም ክፍል ትወስጃለሽ፤ በክላስተር ጥቂቶቹን መርጠሽ የቀሩትን ትተያለሽ። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ያንቺ ስትራታ ናቸው፤ አንዳቸውም አልቀሩም። ቀበሌዎቹ ክላስተር ናቸው፤ ከወረዳው ቀበሌዎች ጥቂቶቹ ብቻ ይገባሉ። አንድ ላይ ሲሆን ባለ ሁለት ደረጃ ስትራቲፋይድ ክላስተር ይባላል።

ስትራታ ትክክለኛነትን የሚጨምረው የአንዱ ክፍል ሰዎች እርስ በርስ ሲመሳሰሉና ከሌላው ክፍል ሲለዩ ነው። በክላስተር ነገሩ ይገለበጣል፤ የምትፈልጊው እያንዳንዱ ቀበሌ በውስጡ ሁሉንም ዓይነት ሰው እንዲይዝ ነው። ቀበሌ ግን እንዲያ አይደለም። ጎረቤት ከጎረቤት ዘር ይበዳደራል፣ አንድ የልማት ሠራተኛ ይመክራቸዋል፣ አንድ በረዶ ይመታቸዋል። ስለዚህ ከአንድ ቀበሌ 62 ሰው ስትጠይቂ 62 የተለያየ ወሬ አትሰሚም፤ ብዙው ድግግሞሽ ነው።

የያማኔው ቀመር ይህን አያውቅም። ጠቅላላውን ቁጥር ለ(1 + ጠቅላላው ቁጥር × 0.05²) ስታካፍዪ፣ 6,000 ÷ 16 = 375። ስሌትሽ ልክ ነው። ግን ቀመሩ የተሠራው ለቀላል ዕጣ ነው፣ ያውም መቶኛ ለመገመት። 6,000ውን ሰው ሁሉ በአንድ ዝርዝር አስገብተሽ ዕጣ ያወጣሽ ያህል ይቆጥረዋል። ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር፣ በ5 በመቶ ስህተት ይህ ቀመር 400ን አያልፍም። ለ24,000 ሰው 394 ይሰጣል፣ ለሚሊዮን 400። የጠቅላላው ሕዝብ ብዛት ናሙናውን እምብዛም አይለውጠውም፤ አወሳሰዱ ግን በጣም ይለውጠዋል።

ምን ያህል? ሌስሊ ኪሽ የተባለው ሊቅ «ዲዛይን ኢፌክት» ብሎ ያስለመደው መለኪያ አለ፦ 1 + (ከአንድ ክላስተር የሚወሰደው ሰው − 1) × የክላስተሩ ሰዎች የሚመሳሰሉበት መጠን። መመሳሰሉን 0.05 ነው እንበል (ለማሳያ ነው፤ ላንቺ ርዕስ የሚስማማውን ከተመሳሳይ ጥናት ፈልጊ)። በስድስት ቀበሌ ከያንዳንዱ 62 ወይም 63 ሰው ሲወሰድ ዲዛይን ኢፌክቱ ወደ 4 ይጠጋል። 375 ሰው ጠይቀሽ በተግባር የያዝሽው የ92 ሰው ያህል መረጃ ነው፤ 5 በመቶ ያልሽው የስህተት ልክም 10 በመቶ ይሆናል። 400ውን ሰው ለ10 ቀበሌ 40፣ 40 ብታደርጊው የ136 ያህል ይሆናል። ለ20 ቀበሌ 20፣ 20 ብታደርጊው 205። ያው 400 መጠይቅ ነው፤ የሚጨምረው መንገዱ ብቻ ነው። ጉልበት ካለሽ ቀበሌ ጨምሪ፣ ከአንዱ ቀበሌ የምትወስጂውን ሰው ቀንሺ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ከደጋ አንድ ቀበሌ ብቻ አትውሰጂ። «ደጋው እንዲህ ነው» ስትዪ ደጋው ይሁን ያቺ ቀበሌ መለየት አይቻልም። ከየአየር ጠባዩ ቢያንስ ሁለት ይግባ።

ሐይቅ ዳር · ማክሰኞ ማታ 1:50

ጉድ ነው! 92 ሲሉኝ ደነገጥኩ። እንዲህ ዓይነት ጥናት አገራችን ውስጥ በትክክል የተሠራ አለ? አይቼ እንድማርበት።

ጦሳ ግርጌ · ማክሰኞ ማታ 2:30

የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳውን ዘገባ አውርጂና የናሙና አመራረጥ አባሪውን አንብቢ። የ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) ክልሎችን በከተማና በገጠር ከፍሎ ስትራታ አደረገ፤ ከዚያ 645 የቆጠራ ቦታዎችን በመጠናቸው ልክ ዕድል እየሰጠ መረጠ፣ 202 ከከተማ 443 ከገጠር። በተመረጡት ቦታዎች ሁሉ ቤቶቹን እንደ አዲስ መዘገበ፣ ከያንዳንዱም በአማካይ 28 ቤተሰብ ወሰደ። አንድ የቆጠራ ቦታ በአማካይ 181 ቤተሰብ የያዘ ነው። ቦታ አብዝቶ ከየቦታው ጥቂት ሰው መውሰዱን አየሽ?

የመስክ ሰው · ረቡዕ ጠዋት 12:50

እንደ አዲስ መመዝገቡ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሁሉ ነገር መሠረት ዝርዝሩ ነው። የቆጠራው ካርታ የ1999 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስንቱ አገባ፣ ስንቱ ዐረብ አገር ሄደ፣ ስንቱ ተፈናቀለ። አንቺ ቀበሌ ስትሄጂ ሊቀ መንበሩ አንድ መዝገብ አውጥቶ ይሰጥሻል። የምን መዝገብ እንደሆነ ጠይቂ። የመሬት ግብር መዝገብ ከሆነ መሬት የሌለው ወጣት የለበትም፤ በእኩል የሚያርሰው፣ ያባቱን ቁራጭ የሚያርሰው ጎጆ ወጪ ቀርቷል። የሴፍቲኔት መዝገብ ከሆነ ደግሞ ያለው ድሃው ብቻ ነው፣ ዘር የመግዛት አቅም ያለው የለበትም። የማዳበሪያ መዝገብ ከሰጡሽማ ገዢዎቹን ብቻ ነው የሰጡሽ! ሁለት መዝገብ አስተያዪ፣ ከየጎጡ አንድ ነገር አዋቂ ሰው ይዘሽ የጎደለውን አስሞይ፣ የሞተውንና የሄደውን ሰርዢ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን እሱን ከዘለልሽ ዕጣው ለይምሰል ነው።

ሌላው በስልታዊ መንገድ ልውሰድ ካልሽ ነው፤ ሲስተማቲክ የሚሉት፣ በየስንተኛው ሰው እየዘለሉ መምረጥ። ከ6,000 ውስጥ 375 ከሆነ በየ16ቱ ማለት ነው። ከ1 እስከ 16 አንድ ቁጥር በዕጣ ታወጪና ከዚያ 16 እየጨመርሽ ትሄጃለሽ። ቀላልና ፈጣን ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን መዝገቡ በምን ቅደም ተከተል እንደተጻፈ ሳታዪ እንዳትጀምሪ። በአንድ ለአምስት አደረጃጀት የተጻፈ መዝገብ ቢገጥምሽ፣ መሪው መጀመሪያ፣ አምስቱ ከሥሩ፣ እንደገና መሪ፣ አምስት ሰው፣ እየተባለ በስድስት ስድስት ይሄዳል። አሁን በ16 ዝለዪ። መነሻሽ ጎዶሎ ቁጥር ከሆነ ከሦስት ሰው አንዱ መሪ ይሆንብሻል፤ ትክክለኛው ድርሻቸው ከስድስት አንድ ነው። መነሻሽ ተጋማሽ ቁጥር (2፣ 4፣ 6...) ከሆነ አንድም መሪ አይገባም። መሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ አዲስ ዘር ቀድሞ የሚሞክር ነው። በወረቀት ላይ ሞክሩት፣ ያዝናናል።

ቦርከና · ረቡዕ ጠዋት 2:15

ወላሂ ሞከርኩት! 1፣ 17፣ 33፣ 49 ሲባል 1 መሪ፣ 49 መሪ። በ2 ስጀምር 2፣ 18፣ 34፣ 50 እያለ አንድ መሪ አይነካም። መድኃኒቱስ ምንድን ነው ጋሼ?

የመስክ ሰው · ረቡዕ ጠዋት 2:30

ዝርዝሩን ኤክሴል ላይ አስገብቶ በዕጣ ቁጥር ማተራመስ፣ ከዚያ መምረጥ። ኮምፒውተር ከሌለ ቁራጭ ወረቀትና ባርኔጣ። ሌላ ጥበብ የለውም።

ቁጥር ወዳጅ · ረቡዕ ቀን 6:40

የእርካታው ጥያቄ ሳይነሳ እንዳይቀር። ባለ አምስት ደረጃው (የሊከርት የሚባለው) ኦርዲናል ነው። «በጣም ረክቻለሁ» እና «ረክቻለሁ» መካከል ያለው ርቀት «ረክቻለሁ» እና «እንጃ» መካከል ካለው ጋር እኩል መሆኑን ማንም አልለካውም። ስለዚህ «የእርካታ አማካይ 3.42» ብለሽ አትጻፊ። ሚዲያን (በተርታ ሲደረደሩ መካከል ላይ የሚውለው መልስ) እና መቶኛ ይበቃሻል።

ጦሳ ግርጌ · ረቡዕ ቀን 7:15

እዚህ ላይ ትንሽ እለያለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻውን ከሆነ ከቁጥር ወዳጅ ጋር ነኝ። ስለ አንድ ነገር የሚጠይቁ ስምንት አሥር ጥያቄዎች ተደምረው አንድ ነጥብ ሲሆኑ ግን፣ ብዙ ተመራማሪ እንደ ኢንተርቫል ይወስደዋል፣ ውጤቱም ብዙ ጊዜ አይከፋም። ማስረጃ ሳይኖር ማጥበቅ አያስፈልግም።

ቁጥር ወዳጅ · ረቡዕ ቀን 7:30

ስምንቱ ጥያቄዎች አብረው እንደሚሄዱ የተረጋገጠ እንደሆነ እሺ። እሷ ግን ያላት አንድ ነው።

የመስክ ሰው · ረቡዕ ማታ 1:00

ሁለታችሁም ስለ ስሌቱ ትከራከራላችሁ፤ ችግሩ ከስሌቱ በፊት ነው። የወሎ ገበሬን «በዘሩ ምን ያህል ረክተዋል?» በለው። «ተመስገን» ይላል። ጎረቤቱ «አልሐምዱሊላህ» ይላል። በረዶ ቢመታውም ተመስገን ነው፣ አሥራ አምስት ኩንታል ቢያፍስም ተመስገን ነው። መጠይቅ ያዡ ልጅ 4 ላይ ያከብብና ይሄዳል። ይልቅ የሠራውን ጠይቂ፦ «በመጪው ክረምት ይሄንኑ ዘር ይገዛሉ? ስንት ኪሎ? ባለፈው ስንት ገዝተው ነበር?» የመጀመሪያው ኖሚናል፣ የኋለኞቹ ሬሾ ናቸው፤ ምስጋናም አያደናግራቸውም።

ሐይቅ ዳር · ሐሙስ ማታ 2:10

ከዚህ ሁሉ በኋላ ምዕራፍ ሦስትን እንዲህ አርቄዋለሁ፣ እዩልኝ፦

«የጥናቱ ወረዳ በአየር ጠባዩ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ተብሎ በሦስት ስትራታ ተከፍሏል። የአባወራና እማወራ ድርሻቸው እንደየቅደም ተከተላቸው 20፣ 50 እና 30 በመቶ ስለሆነ፣ በየስትራታው የአባወራ ብዛታቸውን መሠረት ባደረገ ዕድል ከደጋ 2፣ ከወይና ደጋ 5፣ ከቆላ 3 ቀበሌዎች በዕጣ ይመረጣሉ። በየቀበሌው ዝርዝሩ ከታደሰ በኋላ 40 ቤተሰብ በቀላል ዕጣ ይወጣል፤ በድምሩ 400። ትንተናው የቀበሌዎቹን ክላስተርነት ከግምት ያስገባል።»

ጥያቄዎች፦ ለደጋው የሚደርሰው 80 ሰው ብቻ ነው፣ ደጋና ቆላን ለማወዳደር ይበቃል? ደግሞ ዕጣ የወጣለት ሰው ቤቱ ባይገኝ ጎረቤቱን ልጠይቅ?

ጦሳ ግርጌ · ሐሙስ ማታ 2:50

ጽሑፉ ደህና ነው። ትልቁ ቀበሌ ብዛቱን ያህል ዕድል አግኝቶ ከገባና ከያንዳንዱ እኩል 40 ከተወሰደ፣ የአንድ ስትራታ ገበሬዎች ሁሉ የመመረጥ ዕድላቸው እኩል ይሆናል፤ የቀበሌዎቹም ቁጥር በድርሻ ስለተደለደለ ክብደት (የእያንዳንዱ ሰው መልስ በድምሩ ውስጥ የሚኖረውን ድርሻ ማስተካከያ) ማስላት አያስጨንቅሽም።

ዋናው ዓላማሽ ሦስቱን ማወዳደር ከሆነ ግን በድርሻ መደልደሉን ትተሽ ለሁሉም እኩል ስጪ፤ ከየአየር ጠባዩ አራት አራት ቀበሌ፣ ከቀበሌው 33 ወይም 34 ሰው። ያን ጊዜ ስለ ወረዳው በጠቅላላ ስትናገሪ ክብደት መስጠት ግዴታ ነው፤ አለዚያ 20 በመቶ የሆነው ደጋ በውጤትሽ ውስጥ ሲሶ ሆኖ ይናገራል። ሁለቱን በአንዴ ማግኘት አይቻልም፣ ምረጪ።

የመስክ ሰው · ዓርብ ጠዋት 1:10

ጎረቤቱን እንዳትጠይቂ። ቤቱ የሚገኘውና የማይገኘው ሰው አንድ አይደለም። በገበያ ቀን ብትሄጂ የምታገኚው የሚሸጠው የሌለውን ነው። በወሩ የበዓል ቀን ብትሄጂ ክርስቲያኑ እርሻ ስለማይወጣ ቤቱ ነው፣ ሙስሊሙ ማሳ ላይ ነው። ዓርብ ከቀትር በፊት ሙስሊሙ ለጁምዓ እየተዘጋጀ ነው። የምታጠኚው ወሎን ነው፤ ቀኑን ካላፈራረቅሽ ግማሹን ሕዝብ ብቻ ጠይቀሽ ትመለሻለሽ። ሁለት ሦስት ጊዜ ተመለሺ፣ አንዱን በማለዳ አንዱን ማታ። እንደሚቀር ስለምታውቂው ደግሞ ከመጀመሪያው ከየቀበሌው ከ40 ትንሽ አብዝተሽ አውጪ፣ ያልተገኘውንም ስንት እንደሆነ ጻፊው።

የከሚሴ ልጅ · ዓርብ ማታ 3:00

አሰላሙ ዓለይኩም። ክሩን እየተከታተልኩ ነበር። የኔ ጥናት ከዐረብ አገር በተመለሱ እህቶች ላይ ነው። መዝገብ የሚባል ነገር የለም፣ አብዛኞቹም መታወቅ አይፈልጉም። ዕጣ ከየት ላምጣ?

ጦሳ ግርጌ · ዓርብ ማታ 3:40

ወዓለይኩሙሰላም። ዝርዝር በሌለበት ዕጣ የለም፣ አትጨነቅ። ያንተ መንገድ ስኖውቦል ነው፦ የምታውቃትን አንዷን ታነጋግራለህ፣ እሷ ሌላ ትጠቁምሃለች። ጉዳቱ የተጠቆሙት ሁሉ ከአንድ ሰፈር፣ በአንድ ደላላ የሄዱ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ መነሻህን አንድ አታድርገው። ከከሚሴ፣ ከባቲ፣ ከሐርቡ ለየብቻ ጀምር፣ አንዷ ከሦስት ሰው በላይ እንዳትጠቁም ገደብ አብጅ፣ ማን ከማን እንደመጣ በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር መዝግብ። ስልካቸውን አንተ አትቀበል፤ የተጠቆመችው ራሷ ፈቅዳ ትደውልልህ። መቶኛ ግን አትጻፍ። «ካነጋገርኳቸው 30 ውስጥ 18ቱ» ማለት ትችላለህ፣ «60 በመቶ ተመላሾች» ማለት አትችልም። ጠያቂዋም ሴት ብትሆን ይመረጣል።